የእነ ታገኘ ጥድ እና ደመናው

አሽዶድ፣ እስራኤል፣ ጥር 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሽ ቢራራ፤

የአያቶቻችን አምላክ እርስዎንና ባለቤትዎን በጤና ያቆይልኝ፤ ልጅዎን ሕሊናንም በትምህርቷ ያሳድግልኝ። እኛ ደህና ነን። እናቴ ባንቻየሁ ጉልበቷ ቢያስቸግራትም ስምዎ ሲነሣ ፊቷ ይበራል። «የአክስቴ የእናናዬ የልጅ ልጅ» እያለች ነው የምትጠራዎት።

በስልክ የጀመርነውን ነገር በጽሑፍ እንዳስረዳዎት ስለ ጠየቁኝ ይኸው። ጥድ ሥር ሲቆሙ የሚሸትዎት ሽታ ከቅጠሉና ከሙጫው የሚወጣ ትነት ነው። ይህ ትነት ፀሐይ ሲመታው ይለወጥና እርስ በርሱ እየተጣበቀ ዓይን የማያየው ደቃቅ ብናኝ ይሆናል። በአየር ላይ ያለው እርጥበት ደግሞ ብቻውን ጠብታ መሆን አይሆንለትም፤ የሚያርፍበት ነገር ይፈልጋል። ብናኙ ላይ ያርፍና ጠብታ ይሆናል፤ ጠብታው ሲበዛ ጉም ወይም ደመና እንለዋለን። አቧራም፣ ጭስም፣ የባሕር ጨውም ለዚሁ ያገለግላሉ። እኔ ማወቅ የምፈልገው አያቴ ታገኘ ከኖረበት የጥድ ደን ላይ ጠዋት ጠዋት የሚነሣው ጉም ምን ያህሉ ጥዱ ራሱ ባወጣው ብናኝ ላይ እንደ ተሠራ ነው። አገር ስንለቅ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ያን ጉም ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከምሠራበት የአየር ምርምር መሥሪያ ቤት በፀሐይ የሚሠራ አንድ ትንሽ ሣጥን ልኬያለሁ። አየር እየሳበ በወረቀት ያጠልላል። በሳምንት አንድ ቀን ወረቀቱን ቀይረው ቀኑንና ጉሙ የተገፈፈበትን ሰዓት ቢጽፉልኝ ውለታዎን አልረሳም።

አክባሪ እኅትዎ ዘርፈሽዋል


ከዳባት በላይ፣ የካቲት 30 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ለዘርፈሽዋል፤

መድኃኔ ዓለም ካንቺ ጋር ይሁን። እትዬ ባንቻየሁን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በዪልኝ። እኛ ቸሩ ፈጣሪ ይመስገን አለን።

ሣጥኑን ሙሌ፣ የደባርቅና የጎንደርን ሚኒባስ የሚነዳው፣ ሳይሰበር አምጥቶልኛል። ሃያ ሁለት ዓመት ቡይት ራስ ላይ የፓርክ ጥበቃ ስሠራ ነጮቹ ይዘው የሚመጡትን ዕቃ ስተክልና ስጠብቅ ኖሬያለሁና ነገሩ አልከበደኝም። ከአያትሽ መቃብር ከፍ ብሎ ካለው ትልቁ ጥድ አጠገብ ግንድ ተክዬ አሰርሁት። ቅዳሜ የእናንተ ሰንበት ነው፣ እሑድ የእኛ፤ ስለዚህ ወረቀቱን የምቀይረው ሐሙስ ሐሙስ ነው።

ጎረቤቴ የሺዋስ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና «ምን እያጠመድህ ነው?» አለኝ።

«አየር» አልሁት።

«አየሩ ለማን ነው?»

«ለዘመዴ።»

ጋቢውን ሰብስቦ ሄደ። ያስኬደው አየሩ አይደለም፣ «ዘመዴ» ማለቴ ነው። ይህን እንድታውቂ ብዬ እጽፋለሁ እንጂ እንድታዝኚ አይደለም። በዚህ አካባቢ ጥድ ሁሉ ሲያልቅ የእነ ታገኘ ጥድ ለምን እንደ ቆመ አስበሽ ታውቂያለሽ? ሰዉ ፈርቶ ነው። አያትሽ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ቡዳ ይሏችሁ ነበር። እናንተ ከሄዳችሁ በኋላም መቃብሩ እዚያው ስለሆነ መጥረቢያ ይዞ የሚገባ አልተገኘም። የእኔ አያት እናናዬ ክርስትና ተነሥታ፣ ክርስቲያን አግብታ፣ አራት ልጅ ወልዳ እንኳ ድግስ ላይ ወጥ ስታወጣ ከእጇ የማይቀበል ሞልቶ ነበር። እኔም ልጅ ሆኜ የሰማሁትን ሰምቻለሁ። ቢሆንም ዛፉ ቆሟል፤ የአንቺም ሣጥን በሥሩ ይሠራል።

ጉሙ በዚህ ሳምንት ሦስት ሰዓት ተኩል ሲል ነው የተገፈፈው።

ወንድምሽ ቢራራ


አሽዶድ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሽ ቢራራ፤

ክረምቱን የበረከት ያድርግላችሁ፤ ከጎርፍም ከበረዶም ይሰውራችሁ።

አሥራ አምስት ወረቀት ደርሶኛል። አንዱም አልተበላሸም፤ የጻፉት ሰዓት እንኳ ከእኛ ተማሪዎች ጽሑፍ ይልቅ የታመነ ነው። ከቆጠርነው ብናኝ ከግማሽ በላዩ ከጥዱና ከበላዩ ካለው የአስታ ቁጥቋጦ የወጣ ነው። ይህን ያህል እንደሚሆን እኔም አልጠበቅኩም። ውጤቱን ባሳየሁ ጊዜ የክፍሉ ኃላፊ ተነሥቶ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። በዚህ መሥሪያ ቤት ስድስት ዓመት ሌሎች ያመጡትን ናሙና ሳጥብና ስመዝን ኖሬያለሁ፤ የራስሽ ሥራ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አሁን «የዘርፈሽዋል ጥድ» ይሉታል።

አደራ፣ አንድም ሐሙስ አይለፍዎት።

እኅትዎ ዘርፈሽዋል


ከዳባት በላይ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ለዘርፈሽዋል፤

የናንተንም አገር ነገር በሬዲዮ ሰማን። ፈጣሪ ልጅሽን ኦምሪን ከጥይት ይሰውርልሽ፤ ባለቤቴ ለሱ ብላ ስእለት ገብታለች።

የኛም አገር ደህና አይደለም። ኢንተርኔቱ ከነሐሴ ጀምሮ ጠፍቷል፣ ስልኩም ሲፈልገው ነው። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈትና ሦስት ቀን ይዘጋል። ይህን ደብዳቤ ሙሌ መንገድ ባገኘ ቀን ጎንደር ፖስታ ቤት ያደርስልኛል። ማዳበሪያ ሳይገባ ክረምቱ አለፈ፤ ገብሱ እንደ ነገሩ ነው። ሰዉ የሚሸጥ ነገር ሲያጣ ዓይኑን ወደ ጥዱ አዞረ።

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ያርጋል ሕዝቡን ሰብስቦ «ጥዱ ባለቤት የለውም፤ ባለቤቶቹ አገር ለቀዋል። ከሰል አክስለን ዳባትና ደባርቅ እናውርደው። መሬቱን መሬት ለሌላቸው ወጣቶች እንሸንሽነው» አለ። ወጣቶቹ አጨበጨቡ። እነሱ ቡዳ የሚባል ነገር አይፈሩም። መልካም ነው፤ ግን ጥዱን ያቆመው ያ ፍርሃት ነበር።

እኔ ተነሥቼ «ጥዱ ከተቆረጠ ደመናው ይሸሻል፣ ዝናቡም ይቀራል። ዘመዴ ውጭ አገር ሆና ለክታ አረጋግጣለች» አልሁ።

ያርጋልም «ወረቀት አለህ?» አለኝ።

የለኝም። ማኅተም ያለው ወረቀት ቢኖር ወረዳው ነገሩን እንደሚያቆመው ያርጋል ራሱ ነግሮኛል። ጥር 15 ቀን ሕዝቡ ተሰብስቦ ይወስናል። ከዚያ በፊት ከመሥሪያ ቤትሽ አንድ ደብዳቤ ላኪልኝ። ካንቺ ሌላ ነገር ጠይቄሽ አላውቅም።

ወንድምሽ ቢራራ


አሽዶድ፣ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሽ ቢራራ፤

ሰላምና ምሕረት ለሁላችን ይውረድልን። ኦምሪ ዘምቷል። በቀን ሁለቴ ሦስቴ ወደ ቦምብ መጠለያ እንወርዳለን፤ እናቴን ደረጃ የምናወርዳት ተሸክመን ነው። ስለዚህ ብዙ አልጽፍም።

ስለ ደብዳቤው፣ እባክዎ አይቀየሙኝ። «ዝናቡ ይቀራል» ያሉት እኔ ካልኩት ያለፈ ነው። ጥዱ ለጉሙ ብናኝ ይሰጣል፤ ይህን ለክቻለሁ። ዝናብ ግን ሌላ ነው። ክረምት የሚያዘንበው ደመና ከሩቅ፣ ከብዙ አገር የተሰበሰበ እርጥበት ይዞ ነው የሚመጣው። ጥዱ ቢቆረጥ ዝናቡ ይቀንስ አይቀንስ አላውቅም። የማላውቀውን ነገር በመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ብጽፍ ከሥራዬ ያባርሩኛል። ቢሆንም ኃላፊዬን አነጋግራለሁ።

ወረቀቶቹ እየዘገዩም ቢሆን ይደርሳሉ። ይባረኩ።

እኅትዎ ዘርፈሽዋል


ከዳባት በላይ፣ ኅዳር 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለዘርፈሽዋል፤

ኦምሪን በደህና ይመልስልሽ።

ያልሽው ገብቶኛል። እንግዲያው ስለ ዝናብ አትጻፊ። ስለ ደመናም አትጻፊ። «በዚህ ጥድ ሥር የኛ ሣጥን ተተክሎ ጥናት እየተደረገ ነው፤ ጥናቱ እስኪያልቅ አትንኩት» ብለሽ ብቻ ጻፊ። ይህ እውነት ነው፤ ሣጥኑን በእጄ የተከልሁት እኔ ነኝ። ሁለት መስመርና አንድ ማኅተም ይበቃል። ሙሌ ጎንደር በወጣ ቁጥር ፖስታ ቤቱን ይጠይቅልኛል።

ቢራራ


ከዳባት በላይ፣ የካቲት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዘርፈሽዋል፤

ሰላም ላንቺ ይሁን።

ከገና በፊትም ከጥምቀት በኋላም ሙሌ ፖስታ ቤት ጠይቋል። ምንም አልመጣም። ጥር 15 ሰዉ ተሰብስቦ ወሰነ። ጥር 21 ገቡበት። ሥራው አሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። መቃብሩን አልነኩትም፤ ዙሪያውን ግን ጠርገውታል። አሁን በየቦታው ከሰል ይጨሳል። ሣጥኑ ቆሟል። ወረቀቱ ጥቁር ሆኖ የሚወጣው ከጭሱ ነው፤ የእጄ ጥፋት እንዳይመስልሽ።

ቢራራ


አሽዶድ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሽ ቢራራ፤

የፈጣሪ ማጽናናት ከእርስዎ ጋር ይሁን። ደብዳቤዎን አንብቤ አለቀስኩ። እዚህ ጦርነቱ የሰውን ልብ ሁሉ ወስዶታል፤ መሥሪያ ቤቱም ግማሹ ዘምቶ ስለነበር አንድም ነገር በጊዜው አይሠራም ነበር። ይቅር ይበሉኝ።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ሣጥኑን ካለበት እንዳያነሡት። ወረቀቱን እንደ ቀድሞው ሐሙስ ሐሙስ ይቀይሩልኝ። ቢቻል እስከሚመጣው የካቲት ድረስ፣ አንድ ሙሉ ዓመት። ጉሙ የሚገፈፍበትን ሰዓትም አይርሱ፤ አሁን ከቀድሞው ይልቅ አስፈላጊ ነው።

ለእናቴ ስለ ጥዱ አልነገርኳትም። ዕድሜዋ ሄዷል፣ ትጎዳብኛለች።

እኅትዎ ዘርፈሽዋል


ከዳባት በላይ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዘርፈሽዋል፤

ቸሩ አምላክ ቤትሽን ይጠብቅ።

የጠየቅሽውን ዓመት ሞልቼ ካቆምሁ አምስት ወር ሆነኝ። አምናም ሳልጽፍልሽ የቀረሁት የምጽፈው ነገር መራራ ስለሆነብኝ ነው። ዛሬ ግን የሚያስጽፍ መጣ።

አስቀድሜ የአምናውን ክረምት ልንገርሽ። ዘነበ። እንዲያውም አብዝቶ ዘነበ። ያርጋል በሰው ፊት «ቢራራ፣ ዝናብ ይቀራል ያልኸን የት አለ?» አለኝ፤ ሰዉ ሳቀ። ሽማግሌው ገዱ እንኳ፣ ክርስትና አባቴ፣ ከአፋቸው ላይ እጃቸውን ጭነው ሳቁ። ነሐሴ ላይ ጥዱ የነበረበት ያ ገላጣ ተረተር ተንዶ ከሥሩ ያለውን ገብስ ሁሉ በደለል ቀበረው። የያርጋልም ማሳ አብሮ ሄደ። ያን ጊዜ የሳቀ የለም፤ ግን ለእኔም «ልክ ነበርህ» ያለኝ የለም። እኔ የተናገርሁት ስለ ዝናብ መቅረት ነበር እንጂ ስለ መሬት መናድ አልነበረምና። ጉሙም ይመጣል እንጂ አይቀመጥም፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ተገፎ ይሄዳል።

አሁን ወደ ነገሩ። ሕሊና ጎንደር ሆና የጥናት ጽሑፋችሁን በኢንተርኔት አገኘችው። አትማ አመጣችልኝ፤ ከእንግሊዝኛው እየመለሰች በአማርኛ አነበበችልኝ። ስምሽ መጀመሪያ ላይ አለ። እንኳን ደስ ያለሽ። «ደኑ በጥናቱ መካከል መመንጠሩ ያልታሰበ መልካም አጋጣሚ ፈጥሮልናል» ይላል። ብናኙ ከግማሽ በታች መውረዱን፣ ጉሙ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድሞ መገፈፉን ይናገራል። ስለ ዝናብ ምንም ማለት አይቻልም ይላል። መጨረሻው ላይ «ወረቀት ለቀየሩልን የአካባቢው ነዋሪ» ምስጋና አለ። ነዋሪው እኔ ነኝ።

ይህን ሁሉ አለፍሁት። ሕሊና ግን አንድ ቦታ ላይ ቆማ ቀና ብላ አየችኝ።

«አባዬ፣ ጥዱ የተቆረጠው መቼ ነው?»

«ጥር መጨረሻ።»

«ከምንጠራ በኋላ ያለውን አየር የመለካቱ ዕቅድ የጸደቀው ታኅሣሥ ነው ይላል።»

ደግማ እንድታነብልኝ ጠየቅኋት። ደገመችው። እስከ ጥር 15 ያልተወሰነ ነገር ታኅሣሥ ላይ በናንተ ዘንድ እንዴት ተወሰነ? እኔ ሙሌን በየጊዜው ወደ ፖስታ ቤት እየላክሁ ስጠብቅ፣ አንቺ ጥዱ እስኪወድቅ ትጠብቂ ነበር?

ሌላ የምጠይቅሽ የለኝም።

ቢራራ


አሽዶድ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ቢራራ፤

በምርቃት ልጀምር ብዬ ብዕር አነሣሁ፤ አፍሬ ተውኩት።

ደብዳቤውን ጽፌው ነበር። እርስዎ ያሉኝን ሁለት መስመር፣ ምንም ሳልጨምር። ለማኅተሙ ወደ ኃላፊዬ ወሰድኩት። አነበበና ወደ እኔ ገፋው።

«ጫካውን የሚቆርጡት የአገሩ ሰዎች ናቸው። የኛ ሥራ መለካት ነው» አለኝ። «ቆሞ ሳለ አንድ ዓመት ያህል ለክተሻል። ከወደቀ በኋላ አንድ ዓመት ብትለኪ ማንም የሌለው ነገር ይኖርሻል።»

«የለመነኝ ዘመዴ ነው» አልኩት።

«ለዘመድሽ በራስሽ ስም ጻፊለት። ይህ እኔን አይመለከትም።»

እውነቱን ነው፤ በራሴ ስም መጻፍ እችል ነበር። የኅዳሩ ደብዳቤዎ በደረሰኝ ጊዜ ለጥር 15 ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ በፈጣን ፖስታ ቢላክ ይደርስ ነበር። ቁጭ ብዬ አሰብኩ፤ ያለ ማኅተም ምን ይሠራል አልኩ። እንደዚያ ያሰብኩት ግን እንዳልጽፍ ስለ ፈለግኩ ነው። በዚያው ሳምንት ዕቅዱን ፈረምኩ። ኦምሪ መዝመቱ እውነት ነው፤ በሕይወትም ተመልሷል። እጄን የያዘኝ ግን እሱ አልነበረም። በልጄ ስም ማመካኘቴ ከሁሉ በላይ ያሳፍረኛል።

በጽሑፉ ምስጋና ላይ ስምዎን ጽፌ ነበር። «የአንድ ገበሬ ስም ምን ያደርጋል» ተብሎ ወጣ፤ አልተከራከርኩም። አሁን የራሴ ክፍል አለኝ፤ ሁለት ተማሪም ሰጥተውኛል።

ለችግኝ የሚሆን እርዳታ ከመሥሪያ ቤቱ ላገኝ እችላለሁ። የጥድ ችግኝ፣ አስታም ጭምር። እርስዎ እሺ ካሉኝ ነገ እጀምራለሁ። እሺ ካላሉኝም አልፈርድብዎትም።

ዘርፈሽዋል


ከዳባት በላይ፣ መስከረም 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለዘርፈሽዋል፤

አዲሱን ዓመት የሰላም ያድርግልሽ። ኦምሪን በሕይወት ላቆየልን አምላክ ምስጋና ይግባው፤ ባለቤቴ ስእለቷን አግብታለች።

ደብዳቤሽን ሁለት ቀን በኪሴ ይዤው ዞርሁ። ልቆጣሽ ተነሥቼ ነበር፤ ቃሉም ተዘጋጅቶልኝ ነበር። ግን አንቺ ጽፈሽ እኔ ብደብቅ ፍርዱ ጠማማ ይሆናል።

«ገቡበት» ብዬ ነበር የጻፍሁልሽ። እኔም ገብቻለሁ። ሰባት ቀን ዳር ቆሜ አየሁ። በስምንተኛው ቀን የሺዋስ መጥቶ «ያልቆረጠ ድርሻ የለውም እየተባለ ነው። ያንተ እጅ ቢታጠፍ የሚድን ዛፍ የለም» አለኝ። ጎጆዬ አዘምሞ ነበር፤ ለወጋግራ የሚሆን እንጨት ሦስት ዓመት ፈልጌ አጥቻለሁ። መጥረቢያዬን ይዤ ወጣሁ። በሁለት ቀን አሥራ አንድ ጥድ ጥያለሁ። ሣጥኑ የታሰረበትን ግንድ እንዳይመታው ትልቁን ዛፍ ወደ ሌላ በኩል የጣልሁት እኔ ነኝ። በማግሥቱ ሐሙስ ነበር፤ ወረቀቱን ቀየርሁ። አንቺ ያስጻፍሽውን ሰዓትም በዚያው እጄ ጻፍሁ።

አንቺ ደብዳቤ ብትልኪ አልቆርጥም ነበር፤ ይህን እምላለሁ። ስላልላክሽ ግን መጥረቢያውን ያስያዝሽኝ አንቺ ነሽ አልልም።

ስለ ችግኙ ለሰዉ ነገርሁ። ያርጋል «መሬቱ ተሸንሽኗል» አለ፤ ወጣቶቹም እሺ አላሉም። በደለሉ ላይ ድንች ዘርተዋል። እኔም ሣጥኑን አውርጄ ለሙሌ ሰጥቼዋለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሻል። ከእንግዲህ የተወለደና የሞተ ካለ ጻፊልኝ። ስለ ደመና ግን አትጻፊልኝ።

አንድ ነገር ይቀራል፤ እሱንም ከሌላ ከምትሰሚው ከኔ ስሚው። ለመስቀል ስልኩ ተከፍቶ ሳለ እትዬ ባንቻየሁ ደወሉ። ድምፃቸው ደክሟል። ስለ ጤና ተጠያየቅን፣ ስለ ልጆቹ ተጠያየቅን። ከዚያ «ያባቴ ጥድ እንዴት ነው?» አሉኝ። ከቤቴ ደጃፍ ቆሜ ነበር፤ ተረተሩ ከፊቴ ነው። የአባታቸው መቃብር ከሩቅ ለብቻው ይታያል።

«ቆሟል» አልኋቸው።

ስለ ጠበቅሁላቸው መረቁኝ። ምርቃታቸው ረጅም ነበር፤ እስከ መጨረሻው ሰማሁት።

ወንድምሽ ቢራራ